ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቤት ልታድር ነው፤ በሦስት ሳምንት ምን ምን ላለማምዳት?

የሚጣ_እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 8 ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። የክፍል ጓደኛዋ ልደት ላይ አምስት ልጆች ተጠርተዋል፣ እዚያው ነው የሚያድሩት። ዓርብ በፈረንጅ 6 ሰዓት ማታ ማድረስ፣ ቅዳሜ ጠዋት 10 ሰዓት መውሰድ። ቤተሰቡ አበሻ አይደለም፤ እናትየዋን ከትምህርት ቤት በር ሰላምታ በላይ አላውቃትም። ልጅቷ እስካሁን ከእኔ ጋር ነው የምትተኛው፣ አልፎ አልፎ ሌሊት ሽንት ያመልጣታል፣ ዓርብ ደግሞ እንጾማለን። አባቷ «ልጅ ሰው ቤት አያድርም» ባይ ነው፤ ግን በደንብ ከተዘጋጀን እሺ ይላል ብዬ አስባለሁ። «አይዞሽ» ሳይሆን ዝርዝር ነው የምፈልገው። ከዛሬ ጀምሮ ምን ላድርግ?


ሦስተኛ_ክፍል

ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራው ብቻዋን መተኛት ነው፤ ሌላው በሁለት ቀን ይደርሳል፣ ይሄ ግን አይደርስም። ጀርባዋ እየታሸ ወይም እናቷን ተጠግታ እንቅልፍ የሚወስዳት ልጅ ሌሊት 8 ሰዓት (በእኛ) ስትነቃ ያንኑ ነገር ነው የምትፈልገው። በሰው ቤት ለቅሶው የሚመጣው ለዚህ ነው፤ ፍርሃት ብቻ አይደለም።

21 ቀን አለሽ፣ እንዲህ ከፋፍይው። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ፍራሿን ከአልጋሽ አጠገብ መሬት ላይ አንጥፊላት። ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን ፍራሹ ወደ ክፍሏ ይግባ፣ አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እንቅልፍ እስኪወስዳት ጠብቂ፤ መንካት የለም፣ ወሬም የለም። ከ8 እስከ 10 ወንበሩ በሩ ጋ ይሁን። ከ11 እስከ 14 «በ5 ደቂቃ ተመልሼ አይሻለሁ» ብለሽ ውጪ፣ በ5 ደቂቃም ተመለሽ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው፤ ሳህን እያጠበ 15 ደቂቃ ይሆናል፣ ልጅቷ ትነሳለች፣ ከዚያ በኋላ ቃልሽን አታምንም። ሰዓት ሙይ።

ሌሊት ተነስታ ወደ አልጋሽ ስትመጣ እጇን ይዘሽ መልሻት፣ መብራት ሳታበሪ፣ ሳትቆጪ። አምስቴ ከመጣች አምስቴ። «ዛሬ ብቻ» የሚለው ቃል የአንድ ሳምንት ሥራ ያፈርሳል።

በ15ኛው ወይም በ16ኛው ቀን አክስቷ ወይም የምታምኑት ዘመድ ቤት አንድ ሌሊት ትደር። ከዚያ በመጨረሻው ሳምንት ሁለት ሌሊት ሳሎን ወለል ላይ፣ በዚያው ይዛ በምትሄደው ስሊፒንግ ባግ (ዚፕ ያለው የመኝታ ከረጢት)። የወለል እንቅልፍ ሌላ ነው፤ የፍሪጅ ድምፅ አለ፣ ዚፑ ይይዛል፣ ሰውነቷ ይሞቃታል፣ ትራሱ ይንሸራተታል። ይሄን ሁሉ ቤቷ ውስጥ ትጨርሰው።


የማታ_ተረኛ (የሕፃናት ነርስ)

ስለ ሽንቱ። መጀመሪያ ልጅቷ ትወቅ፦ በ5 ዓመት ከ100 ልጆች 15 ያህሉ፣ በ7 እና በ8 ዓመት ከ5 እስከ 10 ያህሉ ሌሊት ያመልጣቸዋል። ከተጠሩት ልጆች መካከል አንዷ ተመሳሳይ ሊገጥማት ይችላል፤ ማንም አይናገርም እንጂ። ስንፍና አይደለም፣ እንቅልፍ ከባድ ሆኖ ፊኛዋ ሲሞላ አንጎሏ አይቀሰቅሳትም ማለት ነው። መቅጣትም ማሳፈርም ያባብሰዋል።

የቀኑን መጠጥ አከፋፍሉት። በቀን 5 ብርጭቆ የምትጠጣ ከሆነ 2ቱ እስከ እኩለ ቀን፣ 2ቱ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ግን አንድ ብቻ። ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ሳይጠጡ ይውሉና ማታ ይሞላሉ፤ ችግሩ እዚያ ነው። ኮላና የታሸገ ሻይ ከሰዓት በኋላ ይቅር፣ ካፌይን ያሸናል። ከመተኛት በፊት ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ትግባ፦ ፒጃማ ስትለብስ አንዴ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ አንዴ። የሆድ ድርቀት ካለ እሱን ቀድማችሁ አክሙ። የሞላ አንጀት ፊኛን ይጫናል፤ ድርቀቱ ሲለቅ ሽንቱም የሚቀንስላቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

ለዚያች ሌሊት እንደ ፓንት የሚለበሰውን የሌሊት ዳይፐር ትጠቀም። አሠራሩን ደግሞ ቤት ውስጥ ቢያንስ ሦስቴ ተለማመዱት። ዳይፐሩን ከማሸጊያው አውጥታችሁ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርጉና ስሊፒንግ ባጉ እግር በኩል ሸጉጡት። ማሸጊያው ይንኮሻኮሻል፣ ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ድምፁ ነው። ፒጃማው ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ሰፋ ያለ ይሁን። ሽንት ቤት ስትገባ ለብሳ ትወጣለች፤ ካልቻለች መብራት ከጠፋ በኋላ ባጉ ውስጥ ሆና። ጠዋት እዚያው ባጉ ውስጥ አውልቃ፣ ዚፕ ባለው ወፍራም ፕላስቲክ አሽጋ፣ ባጉን ጠቅልላ ትነሳለች። ቤት እንደገባችሁ ወዲያው ፍቱት፤ ተጠቅልሎ እስከ እሑድ ከተቀመጠ ባጉ ከዚያ በኋላ አይረባም።

ሐኪም የሚያዘው ዴስሞፕሬሲን የሚባል ኪኒን አለ፣ ለእንዲህ ዓይነት ሌሊት ይጠቅማል። ግን የዚያኑ ቀን የሚጀመር አይደለም። መጠኑን ለማግኘት ሳምንታት ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ መሞከር አለበት። ኪኒኑ ሊዋጥ አንድ ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ፣ ከተዋጠ በኋላ ስምንት ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ፈሳሽ በጣም ይገደባል፤ ውሃ ከተጋተችበት በደም ውስጥ ያለው ጨው ይወርድና ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ ከባሰም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። የልደት ሌሊት ደግሞ ጭማቂ ይፈሳል። ስለዚህ ለ8 ዓመት ልጅ ዳይፐሩ ይሻላል የሚል ሐሳብ አለኝ።

ለአስተናጋጇ እናት ብቻ ንገሪያት፣ በጽሑፍ ሳይሆን በስልክ። ከመተኛቷ በፊት «ሽንት ቤት ግቢ» እንድትላትና ድብዝዝ መብራት ኮሪደሩ ላይ እንድትተው ብቻ ጠይቂያት።


ጥብቅ_አባት

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከአባቷ ጋር ነኝ። «ልጅ ሰው ቤት አያድርም» ያሉት አባቶቻችን ያለ ምክንያት አልነበረም። አጎት አለ፣ ትልቅ ወንድም አለ፣ የወንድም ጓደኛ አለ፣ ማን እንደሚገባ እንደሚወጣ አታውቁም። በር ላይ ሰላም የምትላትን ሴት ቤት ልጅ አሳድሮ ምን ይገኛል? ኬኩን በልታ 4 ሰዓት ማታ ወደ ቤቷ።


ሦስተኛ_ክፍል

@ጥብቅ_አባት ወንድሜ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርህ እኮ ጥሩ መፍትሔ ናት! ግማሽ አዳር ይሉታል። ፒጃማዋን ለብሳ፣ ኬክ በልታ፣ ፊልሙን አይታ፣ ልጆቹ ሊተኙ ሲሉ በፈረንጅ 10 ሰዓት ማታ ትወሰዳለች። ብዙ ወላጆች እንዲህ ያደርጋሉ፣ ለጠሪዋም አዲስ ነገር አይደለም። አባቷ ጨርሶ እምቢ ካለ ወይም በ16ኛው ቀን የአክስቷ ቤት አዳር ካልተሳካ እሱ ይሁን። ቀድሞ መነገር ግን አለበት፣ ለልጅቷም ለእናትየዋም። ከማታው መሃል ድንገት የተወሰደች ልጅ ተቀጣሁ ብላ ነው የምታስበው።


የማታ_ተረኛ

@ጥብቅ_አባት ስጋትህ እውነት ነው፤ ግን ስጋት ጥያቄ ካልሆነ ጥቅም የለውም። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፣ ከአዳሩ ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከተቻለ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አጫውታችሁ ቤቱን ካያችሁ በኋላ።

ሌሊቱን ቤት ውስጥ ማን ማን ያድራል? ስንት አዋቂ፣ ትልልቅ ልጆች፣ እንግዳ አለ? ልጆቹ የት ክፍል ይተኛሉ፣ ወላጆቹስ ስንተኛ ፎቅ ላይ ናቸው? ስድስት ልጅ ምድር ቤት፣ ወላጅ ሁለተኛ ፎቅ ከሆነ ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ አይሰማም። ውሻ አለ? መዋኛ ገንዳ ካለ አጥሩና በሩ ይቆለፋል? ትራምፖሊን ላይ በጨለማ የሚወጣ አለ? የሌሎቹ ልጆች ስልክ ማታ የት ነው የሚያድረው? ጥሩው መልስ «ከማታው 9 ሰዓት (በፈረንጅ) በኋላ ወጥ ቤት፣ ቅርጫት ውስጥ» ነው። አለበለዚያ ፒጃማ ለብሰው የተነሱት ፎቶ ጠዋት በየቦታው ነው።

አሜሪካ ላይ ደግሞ የግድ የሚጠየቅ አለ። በዚህ አገር ከሦስት ቤት በአንዱ ገደማ የጦር መሣሪያ አለ። አበሻ ይሄን መጠየቅ ያፍራል፤ ሰው ቤት ሄዶ «ሽጉጥ አላችሁ?» ማለት ስድብ ይመስለናል። ለነሱ ግን የሕፃናት ሐኪሞች ራሳቸው ጠይቁ ብለው የሚመክሩት ነገር ነው። አጻጻፉ ብቻ ለስለስ ይበል፦ «ልጄ አዲስ ቤት በሄደች ቁጥር የምጠይቀው ነው፤ ቤታችሁ መሣሪያ ካለ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው? ጥይቱስ ለብቻው ነው?» ከአለርጂ ጥያቄ ጋር አንድ ላይ ላኪው፣ ይቀላል። «አለ፣ ግን ልጆቹ አይነኩም» የሚል መልስ በቂ አይደለም። ካዝና ወይም ቁልፍ፣ ጥይቱ ደግሞ ሌላ ቦታ። ካልሆነ ግማሽ አዳርም ይቅር፣ ባለ ልደቷን ልጅ እናንተ ቤት ጋብዟት።

ለልጅቷ የሚነገረው አጭር ነው። በዋና ልብስ የሚሸፈነውን ቦታ ማንም አይነካም፣ አያይም፣ ፎቶ አያነሳም፤ እሷም የማንንም። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የተባለ ነገር ሁሉ ለእናት የሚነገር ነው። የልደት ስጦታ ድብቅ ቢሆን ሁለት ቀን ቆይቶ ይገለጣል፤ «መቼም አትናገሪ» የሚባለው ግን ሌላ ነው። ይሄን አንዴ ቁጭ አድርጎ መስበክ አይሠራም፤ መኪና ውስጥ፣ ፀጉር ሲሠራ፣ ትንሽ ትንሽ። «ወንድሙ ና እንታገል ቢልሽ ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠይቆ እሷን ማናገር ይሻላል።


ሰንበት_ተማሪ

ወደ ማዕዱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሁሌም የሚረሳው እሱ ነው።

መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያ እዩ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ልደቱ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ከዋለ ጉዳዩ በቀላሉ አለቀ። የአሳማው ነገር ግን በየትኛውም ወቅት አለ። ፔፐሮኒ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው፤ የቅዳሜ ጠዋቱ ቤከንም እንደዚያው። በካምፕ እሳት የሚጠበሰው ማርሽሜሎ ውስጥ ጄላቲን አለ፣ እሱም አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው።

ዓርቡ ከተጾመ ለእናትየዋ «እንጾማለን» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ጾም ስትባል ምግብ ጨርሶ የማይበላ ይመስላታል ወይም ሥጋ የሌለው አይብ ፒዛ ታዘጋጃለች። «ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትበላም፤ ድንች ጥብስ፣ ፓስታ በቲማቲም ስጎ፣ ፍራፍሬ፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ ትበላለች» በሉ። የለውዝ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ የለውዙ ይውጣ። የልደት ኬኩ ይቀራል፣ ምክንያቱም ቅቤና እንቁላል አለው። ስለዚህ የጾም ኬክ ወይም ኩኪስ ጋግራችሁ ስድስት ላኩ፣ ለሁሉም እንዲደርስ። ለሷ ብቻ የተላከ ምግብ ለይቶ ያሳያታል፤ ለሁሉም የተላከ ስጦታ ነው። ምን እንዳለበትም ክዳኑ ላይ ጻፉ።

8 ዓመት ናትና በልማዳችን ጾም የጀመረችበት ዕድሜ ነው፤ ያም ሆኖ አንድ ልደት ላይ ምን ይደረግ የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት፣ ልጅቷ ከመሄዷ በፊት። ከሁሉ የሚከፋው ሳይወሰን መላክ ነው፤ ኬኩ ፊቷ ቀርቦ እሷ ብቻዋን ትወስን? ሸክሙ የወላጅ ነው።

አሁን ዋናው። የኛ ልጆች «ብዪ» ሲባሉ መጀመሪያ «ጠግቤያለሁ» እንዲሉ ተደርገው ነው ያደጉት። እኛ ቤት ደግሞ አክስቷ «በሞቴ!» ትላለች፣ እምቢ ስትል ሌላ ጊዜ ትጎረሳለች፣ በሦስተኛው ትበላለች። ፈረንጁ ቤት ይሄ የለም። «ትጨምሪያለሽ?» ይሏታል፣ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች፣ «እሺ» ብለው ሳህኑን ያነሳሉ፣ አለቀ። ሌሊቱን ሙሉ ርቧት ታድራለች፣ የራበው ልጅ ደግሞ ሆዱ ይብሰዋል። ስለዚህ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ተጫወቱት፦ አንቺ ፈረንጇ እናት ሁኚ፣ አንዴ ጠይቂያት፣ እምቢ ካለች ሳህኑን አንሺ። በመጀመሪያው «አዎ እባክሽ» ማለት ነውር እንዳልሆነ ለመልመድ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። «ውሃ ማግኘት እችላለሁ?» እና «ሽንት ቤቱ የት ነው?» የሚሉትንም አብራችሁ ተለማመዱ።

ቅዳሜ ለእሑድ ከሆነ ደግሞ ቅዳሴ አለ፤ ቆራቢ ልጅ ከሆነች ያንን የቅዳሜ ግብዣ መቀበል አያስፈልግም።


የሀላል_ማዕድ

በጄላቲኑ ላይ ልጨምር፦ የጎማ ከረሜላውም፣ አንዳንዱ እርጎም አለበት። ለሙስሊም ልጅ «አሳማ አትበላም» ብቻ ስትሏቸው ሀላል ያልሆነ የበሬ ሥጋ ያቀርባሉ፣ ክፋት አይደለም፣ አልገባቸውም። «ሥጋ ሁሉ ይቅር፣ አትክልት፣ እንቁላልና ዓሣ ይሆናል» ብሎ መገላገል ነው። በረመዳን ደግሞ የምትጾም ልጅ ካለች ስሑር የሚቀሰቅሳት የለም፤ ለሌላ ወር ይዛወር።


አያት_ቤት (አዲስ አበባ)

እኛ ጋ ጓደኛ ቤት ማደር ብዙም አልተለመደም፤ የልጅ የመጀመሪያ አዳር አያት ወይም አክስት ቤት ነው፣ ክረምት ሲዘጋ። ለሙከራው ሌሊት የሚሆን ጥቂት ነገር።

«ዘመድ ቤት ነው» ተብሎ ሳይነገር የሚቀር ብዙ ነው። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ልጅ በጨለማ አይወጣም፣ ይይዘዋል፣ ከዚያ ፍራሹ ላይ። ፖፖ ወይም ክዳን ያለው ባልዲ በር ጥግ ይቀመጥ፣ ቀን በብርሃን ይታይ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የራሱ ትንሽ ባትሪ ይኑረው፣ ማብራት ማጥፋቱን ይልመድ። ውሃ በፈረቃ በሆነበት ሰፈር ማጠቢያው ከጀሪካን እንደሆነ አስቀድሞ አሳዩት። ወደ ቆላ፣ ከ2000 ሜትር በታች የምትልኩ ከሆነ አጎበር፤ ዳርና ዳሩ ፍራሽ ሥር ካልተወተፈ ጥቅም የለውም።

እና አያት ያለ ጥርጥር ልጁን አልጋዋ ላይ ታስተኛዋለች! ያኔ ለፈረንጅ ቤት ልምምድነቱ ቀረ። «እማዬ፣ እባክዎ ለዛሬ ለብቻዋ ትተኛ» ብሎ መለመን ነው። ቀላል አይደለም።

ሰዓትም አለ። ለአክስት «ነገ 4 ሰዓት እመጣለሁ» ካላችሁ በእኛ ነው፣ ጠዋት። ውጭ አገር ላላችሁ ልጁ 4 ሰዓት ሲባል ከቀትር በኋላ ነው የሚመስለው፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ ልዩነት አለ። ለልጁ «ከቁርስ በኋላ» በሉት።


ሐይፋ

ሰንበት ለምታከብሩ እዚህ እስራኤል ያላችሁ፦ ዓርብ ማታ መጀመሪያ አዳር አታድርጉት። ስልክ አይነሳም፣ መኪና አይነዳም፣ «ውሰዱኝ» ብትል ቅዳሜ ማታ ድረስ ማን ይደርስላታል? በእግር የሚደረስ ጎረቤት ቤት ካልሆነ ትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን፣ በሥራ ቀን ያዙት።


ቡና_ቁርስ

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ አንድ ጥያቄ ግን ቀረ፦ ሌሊት ደውላ «ውሰጂኝ» ካለችስ? አንዳንድ ባለሙያዎች «ካልተመቸሽ እመጣለሁ» ብላችሁ ቃል አትግቡ ይላሉ፣ ልጁ ከመጀመሪያው መውጫውን እያሰበ ይሄዳል በማለት።


ሦስተኛ_ክፍል

@ቡና_ቁርስ እሱ ምክር ለሳምንታት የበጋ ካምፕ ነው፤ እዚያ ናፍቆቱ በሁለት ሦስት ቀን እየቀለለ ይሄዳል፣ ጊዜ አለ። አንድ ሌሊት ላይ ግን ጊዜ የለም። ቃል ይገባ፣ ግን ሁለቱ ነገሮች ይለያዩ።

አንደኛው «ሆዴ ባሰኝ» ነው። ይሄ የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ነው፣ ቀን ወይም ጨዋታ ላይ አይደለም። ለዚህ የምትሠራው ነገር ይኑራት፦ ባጉ ውስጥ ባትሪዋን ታብራ፣ ውሃ አንድ ጉንጭ፣ እስከ አሥር እየቆጠረች አምስቴ ትተንፍስ። ካልለቀቃት ተነስታ የጓደኛዋን እናት ትቀስቅስ። የኛ ልጅ አዋቂ መቀስቀስ ነውር ይመስላታልና ከእናትየዋ አፍ ትስማው። ስታደርሻት «ሌሊት ብፈልግሽ በርሽ የትኛው ነው?» ብላ እንድትጠይቃት አድርጊ፤ በሩን፣ ማብሪያውን፣ ሽንት ቤቱን በአካል ታሳያት። 20 ደቂቃ ተባብላም ካልሆነ ትደውል፣ ሂጂ።

ሁለተኛው «የሆነ ነገር አልተመቸኝም» ነው። እዚህ መጠበቅም ማባበልም የለም። የይለፍ ቃል ስጧት፣ ሰው ቢሰማትም የማይገባው፦ «እማዬ፣ ድመቷ በላች?» ድመት ከሌላችሁ ደግሞ የተሻለ። ይሄን ከሰማሽ ምንም አትጠይቂያት፣ «አዎ፣ መጣሁ» ብለሽ መኪና ውስጥ ግቢ። ለእናትየዋ «አያቷ አሟታል» ብሎ ማሳበብ የአንቺ ሥራ ነው፣ የልጅቷ አይደለም። አማርኛው ለሚከብዳት ልጅ አንድ ቃል ይበቃል።

መጥተሽ ስትወስጃት መኪና ውስጥ «አላልኩሽም?» የለም፣ ለአባቷም እንዲሁ። ያንን የሰማች ልጅ በ12 ዓመቷ አትደውልም።

ስታደርሻት ደግሞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ገብተሽ ቆይ፣ ከዚያ ዓይኗን አይተሽ ተሰናበቺ። ተደብቆ መውጣት ክልክል ነው። «ያላንቺ እንቅልፍ አይወስደኝም» የምትሉ እናቶች፣ እባካችሁ! ልጅቷ ስለ እናንተ እያሰበች ታድራለች። የመልካም ሌሊት ስልክም ከ8 ሰዓት በፊት (በፈረንጅ)፣ ሁለት ደቂቃ፤ መብራት ሊጠፋ ሲል የተደወለ ስልክ ራሱ ነው የሚያስለቅሰው።


የማታ_ተረኛ

መድኃኒት ረስቻለሁ። አስም ካላት ፓምፑ ከነማያያዣ ቱቦው፣ በስም የተጻፈበት፣ ለእናትየዋ እጅ። የከባድ አለርጂ መርፌ ከታዘዘላት ሁለት መርፌ አንድ ላይ ይሂድ፣ አንዱ ላይበቃ ይችላል። የሚወጋው ጭን ውጫዊ ጎን ላይ ነው፣ በልብስ ላይም ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያው 911። አስተናጋጇ መድኃኒትም መርፌም በሌለው መለማመጃ አንዴ ትሞክረው።

የትኩሳት ሽሮፕ ላይ ጥንቃቄ። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። አሜሪካ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ 160 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ነው፣ ከአገር ቤት የመጣው 120 በ5 ሊሆን ይችላል። 24 ኪሎ የሆነች ልጅ 320 ሚሊግራም ብትወስድ በመጀመሪያው 10 ሚሊ፣ በሁለተኛው 13 ሚሊ ገደማ ነው። ሁለቱን ጠርሙስ ማምታታት ቀላል ስለሆነ እዚያው የተገዛውን ላኩ፣ መጠኑን በሚሊ ጻፉ፣ መስፈሪያ ሲሪንጁ አብሮ ይሂድ። ማንኪያ አይሆንም።

የሚመረዝ ነገር ከዋጡ አሜሪካ ውስጥ 1-800-222-1222 ሌት ተቀን ይሠራል። ኢትዮጵያ ላላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

በእንቅልፍ ልቧ የምትሄድ ልጅ ከሆነች ተናገሩ። ያመሸ ልጅ ላይ ይብሳል። አይቀሰቅሷት፣ በእጅ ይዘው ይመልሷት፣ የደረጃውና የውጭ በሩ ይቆለፍ።


የሚጣ_እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አትሜ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። አባቷም የመሣሪያውን ጥያቄ ራሱ እጠይቃለሁ ብሏል፣ ያ ለሱ እሺ ማለት ነው። አንድ ቀረኝ፦ ፀጉሯ። ሹሩባ ልሥራት ወይስ ይፈታ? ቦርሳው ውስጥስ ምን ልጨምር?


ቡና_ቁርስ

ሹሩባ፣ ግን ረቡዕ ሥሪው፣ ዓርብ ከሰዓት አይደለም። አዲስ ሹሩባ በመጀመሪያው ሌሊት ራስ ቅሉን ይወጥራል፣ ትራስ ላይ ያማል፣ ቤቷም ቢሆን እንቅልፍ ይነሳታል። አጥብቀሽ አትጎንጉኚው። ልጆች ማታ የፀጉር ቤት ጨዋታ ይጫወታሉና «የኔ አይፈታም» ማለትን ትልመድ፤ እዚያ ቤት ከተፈታ መልሶ የሚሠራላት የለም።

ማታ የሚታሰር ሻሽ ትይዛለች፣ ሐር መሰል የሆነ። ሌሎቹ «ይሄ ምንድን ነው?» ይሏታል፣ መልሱን አሁኑኑ አስይዣት፦ «ፀጉሬ እንዳይደርቅ ነው።» ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሁለተኛ ሻሽ ትርፍ ካደረግሽላት አንዷ ልታስር ትለምናታለች፣ ለሷም ደስታ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ግን አታውስ።

ቦርሳው ትንሽ ይሁን፣ ራሷ የምትሸከመው። ፒጃማ፣ ሁለት ፓንት፣ ካልሲ (የሰው ቤት ወለል ይቀዘቅዛል)፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ቅባት በትንሽ ዕቃ፣ ባትሪ፣ የውሃ ኮዳ፣ የጠዋት ልብስ በአንድ ፌስታል ታጥፎ። የቤት ጠረን ያለው ነገር አንድ፣ የአንቺ ነጠላ ቁራጭም ቢሆን፣ ትራሱ ውስጥ የሚገባ። ውድ ነገር አይሂድ። ቦርሳውን አንቺ ሳትሆኚ እሷ ትሸክፈው፣ ሐሙስ ማታ፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ እይ። እናት የሸከፈችው ቦርሳ ውስጥ ልጅ የጥርስ ብሩሹን አታገኘውም።

ሻሹን ራሷ ማሰር ካልቻለች ላስቲክ ያለውን ግዢላት፤ ሦስት ሳምንት ለቋጠሮም ይበቃል ግን፣ መስታወት ፊት ቆማ፣ ከኋላ ወደ ፊት አምጥታ፣ ግንባሯ ላይ ሁለቴ።